የምሥጢራዊ ጽሕፈት ላይብረሪን ከምንጭ ኮዱ ሠርቶ ስለ መትከል

እንደሚታወቀው ሁሉ ዛሬ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ለይፋት ቆላ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የሚሸጠውም፣ በጀውሃ በኩል ማሾ የሚሰበስበውም፣ ከቤተሰቡ የኪስ ገንዘብ የሚጠባበቀው ሠልጣኝም ስልኩን ያወጣና ጥቂት ቁጥሮች ይነካካል፤ ገንዘቡም ይደርሳል። ታዲያ ያ መልእክት በመንገድ ላይ ሳለ ማንም እንዳያነበው፣ መቶውን ብር ሺህ አድርጎም እንዳይለውጠው የሚጠብቀው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከመካከላችን ስንቶቻችን አንሥተን እናውቃለን?

ጠባቂው ሒሳብ ነው። ሒሳቡም የሚኖረው የምሥጢራዊ ጽሕፈት ላይብረሪ በሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ነው። በዚህ እትም እኛ ሠልጣኞች ይህ ላይብረሪ ምን እንደ ሆነ፣ ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚተከል፣ ለአንድ መምህርም ምን እንደሚጠቅመው ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። «ይኼ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጉዳይ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ የሚሻገር አንባቢ እንዳይኖር አደራ እንላለን። ነገ ትምህርት ቤት ስንመደብ የፈተና ጥያቄውም፣ የተማሪው ሮስተርም፣ በቢሮ ጥግ የተቀመጠው ኮምፒዩተርም በእኛው እጅ ይወድቃልና።

1ኛ/ ምሥጢራዊ ጽሕፈት ሲባል

ምሥጢርን መደበቅ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ጥበብ ነው። በምሥራቅ አገራችን የግመል ገበያ ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ጣት በመጨበጥ ዋጋ ሲነጋገሩ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ መደራደራቸውን ያያል፤ ዋጋውን ግን አያውቅም። ምሥጢራዊ ጽሕፈትም እንደዚሁ ነው። መልእክቱ በሰው ሁሉ ፊት ያልፋል፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ግን ቁልፉ ያለው ብቻ ነው።

በፊደላችን አንድ ምሳሌ እንሥራ። እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት አለው። አሁን «እያንዳንዱን ፊደል ወደሚቀጥለው ቤት አሳልፍ፤ ሳብዕ ከሆነ ወደ ግዕዝ መልስ» የሚል ሕግ እናውጣ። «ሮቢት» የሚለውን ብንወስድ ሮ ሳብዕ ስለሆነ ረ ይሆናል፤ ቢ ሣልስ ስለሆነ ባ ይሆናል፤ ት ሳድስ ስለሆነ ቶ ይሆናል። የተገኘው ቃል «ረባቶ» ነው። «ይፋት» ደግሞ በዚሁ ሕግ «ዮፌቶ» ይሆናል። ተቀባዩ አንድ አንድ ቤት ወደ ኋላ ሲመልስ መልእክቱን ያገኘዋል። እዚህ ላይ ዘዴው «በቤት ማሳለፍ» ሲሆን፣ ቁልፉ 1 የሚለው ቁጥር ነው።

ይህ ዘዴ ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር አይሆንም። ምክንያቱም ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ከ1 እስከ 6 ብቻ ናቸው፤ ነገር ፈላጊ ሰው ስድስቱንም ሞክሮ በደቂቃ ይደርስበታል። እንዲያውም ረ፣ በ፣ ተ የሚሉት ፊደላት በየቦታቸው ስለሚቀሩ አማርኛ ዐዋቂ ያለ ቁልፍም ይገምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው፣ ሁለት ቤልጂጋውያን ያዘጋጁት ኤ.ኢ.ኤስ. የሚባለው ዘዴ ግን በትንሹ ቁልፉ እንኳ 2 በ128 ጊዜ ለራሱ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ምርጫ አለው። ይህም ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ነው። ስድስት ሙከራና ባለ 39 አኃዝ ሙከራ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሒሳብ መምህራኖቻችን ይንገሩን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨበጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1883 ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ ሰው ስለ ጦር ሠራዊት ምሥጢራዊ ጽሕፈት ሲጽፍ፣ ዘዴው በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ጉዳት ማምጣት የለበትም የሚል መመሪያ አኖረ። ምሥጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው ማለቱ ነው። የበር ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ሌባ ግን በዕውቀቱ ብቻ ቤታችን አይገባም። የምሥጢራዊ ጽሕፈት ላይብረሪዎች ምንጭ ኮድ ለዓለም ሁሉ ክፍት መሆኑ የማያስደነግጠውም ስለዚህ ነው።

2ኛ/ ላይብረሪው ምን ይዟል?

ላይብረሪ ስንል የመጽሐፍ መደርደሪያ እንዳይመስለን። በፕሮግራም ሠሪዎች ቋንቋ ላይብረሪ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞች እየተዋሱ የሚሠሩበት የመሣሪያ ሣጥን ነው። አናጢ ቤት በሠራ ቁጥር መዶሻ እንደማያቀልጥ ሁሉ፣ የባንክ ወይም የትምህርት ቤት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም የምሥጢሩን ሒሳብ እንደገና አይፈጥርም፤ ከላይብረሪው ይዋሳል።

ከነዚህ ላይብረሪዎች አንዱና ስመ ጥሩው ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. ይባላል። መነሻው ኤሪክ ያንግና ቲም ሀድሰን የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በአውስትራሊያ የጻፉት ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ጠንካራ የምሥጢር ፕሮግራም ወደ ውጭ እንዳይወጣ በሕግ ትገድብ ስለነበር፣ ከአሜሪካ ውጭ መጻፉ ለብዙ አገር መንገድ ከፈተ። በ1998 መጨረሻ ላይ ሥራው ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. ተብሎ በነጻ እንዲሠራጭ ሆነ።

በሣጥኑ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሦስቱን ብንጠቅስ፤

ሀ/ መሸፈኛ፦ ከላይ ያየነው ኤ.ኢ.ኤስ. ዓይነት ነው። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ቁልፍ አንድ ነው።

ለ/ ሁለት ቁልፍ ያለው ዘዴ፦ ዲፊና ሄልማን በ1976፣ ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. ያመጡት ነው። አንዱ ቁልፍ ለሰው ሁሉ ይታደላል፤ ሁለተኛው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። የሦስቱ ሰዎች ዘዴ ምሥጢሩ በማባዛትና በመበተን መካከል ያለው ልዩነት ነው። 47ን በ59 አባዙ ብንባል 2773 ለማለት ጊዜ አይፈጅብንም። 2773 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው ብንባል ግን እርሳስ እንነክሳለን። ቁጥሩ ባለ 617 አኃዝ ሲሆን እስከ ዛሬ የበተነው ኮምፒዩተር የለም። ዲጂታል ፊርማም የሚሠራው በሁለት ቁልፍ ነው፤ ባለቤቱ በደበቀው ቁልፍ ይፈርማል፣ ሌላው በታደለው ቁልፍ ያረጋግጣል።

ሐ/ አሻራ ማውጫ፦ ማንኛውንም ጽሑፍ ተቀብሎ አጭር ምልክት ያወጣለታል። የቁጥርን አኃዞች ደምሮ ማመሳከር ለምደን የለ? ነገር ግን 352ም 532ም ድምራቸው 10 ስለሆነ የቦታ መለዋወጥን አያጋልጥም። ሻ-256 የሚባለው አሻራ ባለ 64 ምልክት ሲሆን፣ ከአንድ መጽሐፍ አንዲት ነጥብ ብትነሣ እንኳ ምልክቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ይህን መሣሪያ ወደ በኋላ ስለምንፈልገው ልብ ይባልልን።

3ኛ/ ከምንጩ መሥራት ለምን?

በርበሬ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ተፈጭቶ በፌስታል የታሰረውን ይገዛል፤ ወይም ዛላውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ቅመሙን ጨምሮ ያስፈጫል። የመጀመሪያው ይቀላል። ዳሩ ግን በውስጡ የሸክላ ዱቄት እንዳለ በዓይን አይለይም። ሁለተኛው ያደክማል፤ ሆኖም ምን እንደገባበት ባለቤቱ ያውቀዋል።

ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ሰው የሚጽፈውና ሰው ሊያነበው የሚችለው ምንጭ ኮድ ይባላል፤ ዛላው እሱ ነው። ኮምፓይለር የሚባለው ወፍጮ ምንጩን ፈጭቶ ኮምፒዩተር ብቻ ወደሚረዳው የአንድና የዜሮ ዱቄት ይለውጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ እኛ የምንቀበለው ዱቄቱን ነው። ለዘፈን ማጫወቻ ይህ ምንም አይደል፤ ምሥጢር ጠባቂ ለሆነ ላይብረሪ ግን ነገሩ ይከብዳል። በታሪክ የተመዘገቡ ሦስት ነገሮች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የደቢያን ጉዳይ ነው። ደቢያን በነጻ የሚታደል ስመ ጥሩ የሊኑክስ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዘጋጆቹ ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል.ን ለተጠቃሚዎቻቸው ሲፈጩ ከምንጩ ላይ ጥቂት መስመር አስቀሩ። መስመሮቹ ግን ቁልፍ የሚሠራበትን ዕጣ የሚያማስሉት ነበሩ። በዚህም የተነሣ በዚያ ኮምፒዩተር የሚወጣው ቁልፍ ሁሉ በየዓይነቱ ከ32,768 ቁልፎች አንዱ ብቻ ሆነ። ነገሩ የታወቀው በሜይ 2008 ነው። ዛላው ደህና ነበር፤ የተበላሸው በአስፈጪው እጅ ነው።

ሁለተኛው «የልብ ድማት» የምንለው፣ በዓለም ሀርትብሊድ ተብሎ የታወቀው ስሕተት ነው። በማርች 2012 ከወጣው 1.0.1 እትም ጀምሮ በራሱ በምንጩ ውስጥ ነበረ፤ ይፋ የወጣው ኤፕሪል 7 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ቀዳዳ ማንም የውጭ ሰው ከአንድ ሰርቨር ማስታወሻ ላይ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎባይት መጨለፍ ይችል ነበር፤ የይለፍ ቃልም፣ የተደበቀ ቁልፍም ሳይቀር። ከምንጩ መሥራት ከዚህ ስሕተት አላዳነም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ይሁንና መሥራት የሚያውቁ ሰዎች አዲሱን እትም ባያገኙ እንኳ ያንን ክፍል አስቀርተው በአንዲት የኮንፊገር ምርጫ እንደገና ለመሥራት ቻሉ፤ የማያውቁት ሌላ ሰው እስኪደርስላቸው ጠበቁ። በዚያን ጊዜ ዓለም ሁሉ የተደገፈበት ይህ ሥራ በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ እንደ ነበር ሲሰማ ብዙዎች ተደነቁ።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በማርች 2024 እ.ኤ.አ. ኤክስ.ዜድ. በሚባል ፋይል መጠቅለያ ላይብረሪ 5.6.0ና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ድብቅ በር ተገኘ። የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ አመኔታ ያገኘ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ወደ ኮምፒዩተር መግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል ለምን እንደ ዘገየበት ሲመረምር ደረሰበት። በሩን የሚያስነሣው ክፍል ሰው ሁሉ በሚያየው መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ ለመሥሪያ ታሽጎ በሚታደለው ጥቅል ውስጥ ብቻ ገብቶ ነበር። ጥቅሉን የፈረመውም ራሱ ቀባሪው ነው።

ከሦስቱ የምንማረው ይህ ነው። ምንጭ ክፍት መሆኑ ብቻውን አያድንም፤ ፊርማም ብቻውን አያድንም። የሚያድነው የሚያይ ዓይንና መሥራት የሚችል እጅ መኖሩ ነው።

4ኛ/ አሠራሩ በቅደም ተከተል

ከዚህ በታች የተጻፈው ለሊኑክስ ኮምፒዩተር ነው። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እኛ እንደ አነጋገራቸው በፊደላችን አስፍረናቸዋል። ትክክለኛ አጻጻፋቸው ጥቅሉ ውስጥ «ኢንስቶል» በሚባለው ሰነድ ስላለ ሠሪው ያንን አጠገቡ ያስቀምጥ።

አንደኛ፤ ዕቃ ማሟላት። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር፣ ሜክ የሚባለው የሥራ አስኪያጅ ፕሮግራም፣ እንዲሁም ፐርል የሚባለው ቋንቋ አምስተኛው ትውልድ። ላይብረሪው በአብዛኛው በሲ የተጻፈ ሲሆን የመሥሪያ መመሪያዎቹ በፐርል ናቸው።

ሁለተኛ፤ ጥቅሉን ማምጣት። ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በፍላሽ ሊያመጣው ይችላል። ከጥቅሉ ጋር አሻራው የተጻፈበትና ፊርማው ያለበት ሁለት ትናንሽ ፋይሎች አብረው ይምጡ። የረዥም ጊዜ ድጋፍ ያለውን እትም መምረጥ ይሻላል፤ ለምሳሌ በኤፕሪል 2025 የወጣው 3.5 እስከ ኤፕሪል 2030 እ.ኤ.አ. እንደሚደገፍ ተገልጿል።

ሦስተኛ፤ ማመሳከር። «ሻ 256 ሰም» በሚለው ትእዛዝ የጥቅሉን አሻራ እናወጣለን፤ ከታተመው አሻራ ጋር 64ቱንም ምልክት እናስተያያለን። አንዲት ምልክት ከተለየች ሥራው እዚያው ይቆማል። እዚህ ላይ ብልኃት አለ። ጥቅሉንም አሻራውንም ያመጣው ያው አንድ ፍላሽ ከሆነ፣ ጥቅሉን የለወጠ ሰው አሻራውንም ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ አሻራው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በራሳችን ስልክ ከአዘጋጆቹ ገጽ ላይ ተነቦ ይመሳከር። ከዚያ ቀጥሎ «ጂ.ፒ.ጂ.» በሚባለው ፕሮግራም ፊርማው ይረጋገጣል።

አራተኛ፤ መፍታት። «ታር» የሚለው ትእዛዝ ጥቅሉን ይበትነዋል። ከዚያ ወደ ተፈታው ማኅደር ገብቶ ምን ምን እንዳለበት መቃኘት ነው። ሁሉን ማንበብ አይቻልም። ቢሆንም «ክሪፕቶ» በሚለው ክፍል ሒሳቡን፣ «ቴስት» በሚለው ክፍል መፈተኛውን በዓይን ማየት ፍርሃት ያስወግዳል።

አምስተኛ፤ ኮንፊገር። ይህ ትእዛዝ ማሽኑን ይመረምራል፤ ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንደሆነ፣ ምን ኮምፓይለር እንዳለው ያጣራና ሜክፋይል የሚባል የሥራ ዝርዝር ይጽፋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መወሰን አለብን። አንደኛው ላይብረሪው የሚተከልበት ቦታ ሲሆን «ፕሪፊክስ» ይባላል። ሁለተኛው የምስክር ወረቀቶቹና የደንብ ፋይሉ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋር የመጣውን የቆየ ላይብረሪ በአዲሱ መሸፈን በፍጹም አይገባም፤ ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች በዚያ ላይ ተደግፈዋልና። «ኦፕት» በሚባለው ማኅደር ሥር ለብቻው ጎጆ ይቀለስለት።

ስድስተኛ፤ ሜክ። መፍጨቱ አሁን ይጀመራል። በማያ ገጹ ላይ መስመር በመስመር ላይ ሲወርድ ማየት ያስደንቃል። እንደ ማሽኑ ጉልበት ከጥቂት ደቂቃ እስከ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ሰባተኛ፤ ሜክ ቴስት። ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ መዘለል የሌለበትም ይኸው ነው። አንድ መምህር ፈተና ከማረሙ በፊት የመልስ ቁልፍ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ላይብረሪውም መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎችን ለራሱ ያቀርባል፤ የሠራው ሒሳብ ከመልሱ ጋር ካልገጠመ ይናገራል። የተሳሳተ ምሥጢራዊ ጽሕፈት በዓይን ሲታይ ከትክክለኛው አይለይም፤ ሁለቱም የማይነበብ ዝብርቅርቅ ናቸው። ሸፍኖ የማይሸፍን ላይብረሪን የሚያጋልጠው ፈተናው ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ፈተና እንደ ተሳካ የሚገልጽ ቃልና «ፓስ» የሚል ውጤት መታየት አለበት።

ስምንተኛ፤ ሜክ ኢንስቶል። እስካሁን ያለው ሁሉ በተራ ተጠቃሚነት ይሠራል። ይህ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል፤ ላይብረሪውን፣ የትእዛዝ ፕሮግራሙንና ለፕሮግራም ሠሪዎች የሚያስፈልጉትን ፋይሎች በተመረጠው ቦታ ያሰፍራል።

ዘጠነኛ፤ ማስተዋወቅ። ላይብረሪው አዲስ ቦታ ስለሰፈረ ኮምፒዩተሩ አያውቀውም። አዲስ መምህር ተመድቦ ስሙ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ካልተጻፈ ማንም ወደ ክፍሉ እንደማይጠራው ማለት ነው። አድራሻውን በስርዓቱ መዝገብ ጽፎ «ኤል.ዲ. ኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። በመጨረሻም «ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. ቨርሽን» ብሎ መጠየቅ ነው፤ የሠራነውን እትም ቁጥር ከመለሰ ተከላው ተፈጽሟል።

5ኛ/ የሚያጋጥሙ እንቅፋቶች

መብራት ሲጠፋ፦ በእኛ አካባቢ ይህ ያልታሰበ ነገር አይደለም። ሜክ የትኛው ፋይል እንደተሠራና የትኛው እንደቀረ በፋይሎቹ ሰዓት ስለሚያውቅ፣ መብራት ሲመለስ ትእዛዙን ደግሞ መስጠት ነው፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ነገር ግን መብራቱ ሲሄድ በግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊኖር ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ «ሜክ ክሊን» ብሎ ከዜሮ መጀመር ይበጃል።

የሰዓትና የዘመን ነገር፦ ይህ በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላል። የቆዩ ኮምፒዩተሮች ትንሿ ባትሪያቸው ስትሞት ቀኑን ይረሳሉ። አንድ ሰው ተነሥቶ በራሳችን አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን ቢሞላ፣ ማሽኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚወስደው 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ሜክ «ይህ ፋይል ከወደፊት ዘመን የመጣ ነው» እያለ ያጉረመርማል፤ የድረ ገጾች የምስክር ወረቀትም ጊዜው ገና እንዳልደረሰ ተቆጥሮ ይከለከላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓትም ለማሽኑ 9 ሰዓት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. በፊት የወጡ አንዳንድ እትሞች መፈተኛቸው ውስጥ ያለው የምስክር ወረቀት በዚያ ዓመት ጁን 1 ቀን ስላለፈበት፣ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ፈተና ይወድቃሉ። ስለዚህ ፈተና ሲወድቅ አስቀድሞ ቀኑን ማየት ነው።

«ላይብረሪው አልተገኘም» ሲል፦ ዘጠነኛው ደረጃ ተዘሏል ማለት ነው። እንደገና መሥራት አያስፈልግም፤ አድራሻውን መጻፍ ይበቃል።

6ኛ/ ከተተከለ በኋላ

ችግኝ ተክሎ ዞር ማለት እንደማይበቃ ከሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ያውቃል። ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋር ያመጣውን ላይብረሪ አምራቾቹ በየጊዜው ያድሱታል። እኛ በእጃችን የተከልነውን ግን ማንም አያድስልንም። አዲስ ስሕተት በተገኘ ቁጥር አዲሱን ምንጭ አምጥቶ ከሁለተኛው ደረጃ መጀመር የእኛ ግዴታ ይሆናል። የማይታደስ ላይብረሪ ከምንጩ ቢሠራም ውሎ አድሮ ከተገዛው የባሰ ይሆናል።

ስለዚህ ለቢሮ ሥራ ብቻ የሚውል ኮምፒዩተር ከሆነ ከሊኑክሱ ጋር የመጣውን እያደሱ መጠቀም ይሻላል ባዮች ነን። ከምንጩ መሥራት የሚገባው ለመማር ሲሆን፣ ማሽኑ ያረጀና አዲሱን እትም የማያገኝ ሲሆን፣ ወይም የተለየ አሠራር ሲፈለግ ነው። ሌላም ምክር አለ፤ የራስን የምሥጢር ዘዴ ፈጥሮ ለቁም ነገር ማዋል አይገባም። «ረባቶ»ን ለክፍል ጨዋታ እንጂ ለፈተና ወረቀት እንዳናውለው።

7ኛ/ ለመምህር ምን ይጠቅማል?

ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው በኢንተርኔት በመውጣታቸው ፈተናው ተሰርዞ ለሌላ ጊዜ መዛወሩን የማያስታውስ መምህር የለም። ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመ ልጅ ያን ዕለት የተሰማውን መገመት አያዳግትም። ከዚያ ወዲህ በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር መፈተን ጀመሩ። ወረቀት በፖሊስ ይታጀባል፤ በመረብ የሚጓዝ ጥያቄን ግን አጃቢው ምሥጢራዊ ጽሕፈት ነው። የአንድ ትውልድ ልፋት ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ላይ ተደግፏል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአገራችን ሕጉም ወደዚሁ አቅጣጫ ሄዷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ፋይዳ ለሚባለው መታወቂያ መሠረት ሆኗል። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የሚባለው ሥርዓት በ2018 እ.ኤ.አ. በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረና ምንጭ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ነው። ምንጩ ክፍት ነው ማለት ማንበብ የሚችል ኢትዮጵያዊ ሊያነበው ይችላል ማለት ነው። ጥያቄው ማንበብ የሚችል ምን ያህል ሰው እናፈራለን የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ የመምህር ጥያቄ ነው።

ለመጀመር ኮምፒዩተር እንኳ ግድ አይደለም። በአራተኛ ክፍል የፊደል ማሳለፍ ጨዋታ ሰባቱን ቤት በቃል ለማስያዝ ይረዳል። በስድስተኛ ክፍል ተካፋይና ብዜት ሲማሩ 2773ን በትኑ ማለት ይቻላል። በስምንተኛ ክፍል የአኃዝ ድምር የትኛውን ስሕተት እንደሚያጋልጥና የትኛውን እንደማያጋልጥ ማሟገት ይቻላል። ከዚህ በላይ ለሄደ ልጅ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተርና አንድ ፍላሽ ይበቃዋል፤ ቢሳሳት ማኅደሩን ሰርዞ እንደገና ይፈታዋል፤ የሚሰበር ብልቃጥ፣ የሚያልቅ ኬሚካል የለውም።

በመጨረሻ ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንም ለመምህራኖቻችንም የምናቀርበው አሳብ አለ። በሚመጣው ሴሚስተር በተቋማችን የኮምፒዩተር ክፍል ካሉት ማሽኖች አንዱ ለዚህ ልምምድ ብቻ ቢለይልን፣ በቡድን በቡድን ሆነን ዘጠኙን ደረጃ እየተፈራረቅን እንሠራለን፤ አንዱ ቡድን የተከለውን ሌላው እንዲያመሳክር ይደረጋል። በአማርኛ የተጻፈ የመሥሪያ መምሪያ አዘጋጅተንም ወደምንመደብበት ትምህርት ቤት ይዘን እንሄዳለን። በዚህ ጽሑፍ ላይ ጥያቄ፣ እርማት ወይም የተሻለ የአማርኛ ስያሜ ያለው አንባቢ በወረቀት ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ይክተትልን፤ በሚቀጥለው እትም ከነመልሱ እናወጣዋለን።